የመርዶ ቀጠሮ

የሞተች ልጁን ክብደት ለአባቷ በስልክ ነግሬዋለሁ። አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም አልኩት። ቁጥሩን ያወጣሁት ከራሴ ነው፤ ባለፈው ወር ክብደቷ ላይ ጥቂት ጨምሬ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ቅዱስ ነኝ አልልም፤ እንደዚህ ያንገበገበኝ ውሸት ግን የለም። ዛሬም ነገሩን ከየት ጀምሬ እንደምፈታው አላውቅም። ማን ማንን ከምን ለማዳን ይዋሽ እንደነበር ላስብ ስቀመጥ ይዞርብኛል።

የሥራ መደቤ "የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ" ይባላል። ስሙ ከሥራው ይረዝማል። ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው፤ አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። የጤና ትምህርት ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ ሁለት ዓመት የአባቴን ሱቅ ስጠርግ ከኖርኩ በኋላ ነበር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የአገሩን ሰው የሚያውቅ ሠራተኛ የፈለጉት። ከወግዲ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የሚወለዱ ሕፃናትን በየወሩ እየመዘኑ እስከ ዓመታቸው ድረስ እድገታቸውን መከታተል ይፈልጋሉ። ደሴ ወስደው አምስት ቀን አሠለጠኑን። አሠልጣኙ አንዱን ርእስ በጨረሰ ቁጥር "ማኅበረሰቡ የጥናቱ ባለቤት ነው" ይለን ነበር። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም አሰመርኩበት። ባለቤት ማለት እንቢ ማለት የሚችል፣ በዚህ በኩል አድርጉት ብሎ የሚያዝ ሰው መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

ቀበሌው ገብተን አማካሪ ቡድን ምረጡልን ስንል ሰዉ ብዙ አልተከራከረም። "ቅሬ አለን አይደል?" አሉ። ቅሬ በኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን አጅቦ የሚቀመጠው ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰባት ሰው ተመረጠ፤ ስድስት ወንዶችና አንዲት የልምድ አዋላጅ። ሰብሳቢ የሆኑት የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ቀጭን ሙስሊም ሽማግሌ። እኔ ስብሰባ አልወድም። ነገር ሲንዛዛ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ያቅተኛል። እሳቸው ደግሞ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሳያገላብጡት አይለቁትም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው። ልጁ እንዲመዘን እናትየው ትፈርማለች ይላል። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልጅ የናቷ ብቻ ናት እንዴ?" አሉ። "እዚህ ቀበሌ ግማሹ አባት አረብ አገር ነው። እሱስ አይጠየቅም?"

"በስልክ?" አልኳቸው።

"በስልክ አይሰማም እንዴ?"

ስድስቱም አጨበጨቡ። መምህር የሆነው አባል ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። ወደ ደሴ ደውዬ ለአስተባባሪዬ ስነግረው እሱም ደስ አለው፤ ተሳትፎ ማለት ይኼ ነው አለ። እኔ ብቻ ነኝ ሥራ የበዛብኝ። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ስሙን ሰምቼ ወደማላውቀው በረሃ ሁሉ እየደወልኩ "ጤና ይስጥልኝ፣ ልጅዎን ልመዝን ነው" ስል ሰነበትኩ። አብዛኞቹ ስቀው ፈቀዱ። አንዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው።

ይህ ሰው ሳዑዲ በረሃ ውስጥ የአንድ ባለሀብት ግመሎችን ይጠብቃል። ብቻውን ነው፤ በዙሪያው አንድም የአገሩ ሰው የለም። ስልክ የሚያገኘው አርብ አርብ፣ ውኃ ሊቀዳ ወደ መንገዱ ሲወጣ ነው። ሚስቱን ነፍሰ ጡር ሆና ትቷት ስለሄደ ልጁን አይቷት አያውቅም።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ" አለኝ። "ቤት ስደውል ሁሉም ነገር ደህና ነው። እናቴ ደህና ናት፣ ላሟ ደህና ናት፣ ዝናቡም ደህና ነው። ባለፈው ዓመት በሬያችን የሞተውን እንኳ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አንቺ ግን ሚዛን አለሽ። በመዘንሻት ቁጥር ቁጥሩን ራስሽ ንገሪኝ።"

"እነግርሃለሁ" አልኩት። ይህም በቃለ ጉባኤው ገባ።

ሦስት ወር መዘንኳት። እናቷ ከኔ ሁለት ሦስት ዓመት ታንሳለች፤ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ቀልደኛ ናት። ሚዛኑን ስዘረጋ "ደሞ ዛሬ ምን ያህል አጎደልሽብኝ?" ትለኛለች። ልጅቱን ራቁቷን ስናስቀምጣት ቀዝቃዛው ሚዛን ሲነካት ትጮኻለች፣ እናትየው እየሳቀች እግሯን ትይዛለች፣ እኔ ቁጥሩ እስኪረጋ ዓይኔን አልነቅልም። ከዚያ አርብ ሲደውል እነግረዋለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ ስለው "ማሻአላህ፣ ይዤው ከመጣሁት የደረቅ እንጀራ ከረጢት በልጣለች" ብሎ ሳቀ። እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሥራዬ ለሰው የሚጠቅም መስሎ ከታየኝ ቀናት አንዱ ነው።

በአራተኛው ወር ሚዛኔን ተሸክሜ ስደርስ ልጅቱ የለችም።

"ወረኢሉ ሄዳለች" አሉኝ አማቲቱ። "አክስቷ ልያት ብላ ወሰደቻት።"

እናትየው በሩ ላይ ቆማለች። አበባ ያለው ሻሽ አስራለች። እንደወትሮዋ አልቀለደችብኝም። ጥሬ የሞላ ወንፊት ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር፤ ዝቅ ስታደርገው ቀሚሷ በሁለት በኩል ረጥቦ አየሁ። ወተቷ ፈስሷል። የአራት ወር ጡት የምትጠባ ልጅ፣ እናቷን እዚህ ትታ፣ ወረኢሉ! ልጠይቅ አፌን ስከፍት አማቲቱ "ውኃ ልስጥሽ?" አሉኝ፤ ውኃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ተመለስኩ። ሰዉ በጥናታችን ላይ ተነሥቶብናል አልኩ። ሚዛኑ ልጅ ያከሳል የሚል ወሬ ከአንድ ቀበሌ ሰምቼ ነበር፤ እዚህም ደርሶ ይሆናል፣ ልጆቻቸውን እየደበቁብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ግን ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ያለ ምንም ማንገራገር አስመዝነዋል። የሆነ ነገር እንዳለ አውቄአለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ አዋላጇ በር ላይ አገኘችኝና ልጅቱ ኩታበር ናት አለች።

"ወረኢሉ አይደለም እንዴ ያላችሁኝ?"

"ከወረኢሉ ወደ ኩታበር ሄደች።"

"በአራት ወሯ? ነጋዴ ናት?"

አዋላጇ ልትስቅ ብላ ፊቷ ተጨማደደ። ጥላኝ ሄደች። እኔ ሜዳው መሀል ሚዛኔን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ፤ ንዴትና ግራ መጋባት አንድ ላይ ሆነውብኝ ላለቅስ ደረስኩ። የቅሬው ዳኛ ከቤታቸው አይተውኝ ነው መሰለኝ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

"ልጄ፣ ነይ ወዲህ" አሉኝ። ከቤታቸው ጀርባ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። "ልጅቱን አላህ ወስዷታል።"

"መቼ?"

"ያኔ ከመምጣትሽ አምስት ቀን በፊት። ትኩሳት ነበረባት። ቀብረናታል።"

ሁለት ጊዜ ከዚያ ቤት ገብቻለሁ፤ ድንኳን የለም፣ የሚያለቅስ ሰው የለም፣ እናትየው አበባ ያለው ሻሽ አስራለች። "ታዲያ ለምን ዋሻችሁኝ?" አልኳቸው።

"አንቺ ለአባትየው ትደውያለሻ!"

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ ሳለሁ እንደ እንግዳ ሰማኋቸው። መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው ሄደው፣ አስቀምጠው ነው የሚነግሩት፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ መኖር አለበት። ይህ ልጅ በረሃ ላይ ከግመል ጋር ነው። ማን ይይዘዋል? ለዒድ አሠሪው ወደ ከተማ ይለቀዋል። ጅዳ የአጎቱ ልጅ አለ፤ የዒድ ማግስት ያገር ልጆችን ሰብስቦ ይነግረዋል። እስከዚያ ግን ለቅሶ ከተቀመጥን፣ አንዱ ጎረምሳ ድንኳኑን ፎቶ ያነሣና ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ቅሬው ለቅሶውን አቆየው። እናትየውም ሐዘን እንዳትይዝ፣ ሲደውልም "ተኝታለች" እንድትለው ተነገራት።

"እሷስ ምን አለች?" አልኳቸው።

"ምን ትላለች፤ ሰውየው ባሏ ነው" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አማካሪ ቡድኑ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው እኔ ነበርኩ። የምርምር ሠራተኛዋ እስከ ዒድ ለአባትየው እንዳትነግረው፣ ሲጠይቃትም እንደወትሮው ክብደቷን እንድትነግረው ሐሳብ ቀረበ፤ መምህሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈው።

"ይኼን መፈረም አልችልም" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "እውነቱን እንድነግረው ቃል ገብቻለሁ። እናንተው አይደላችሁ ወይ አባት ይጠየቅ ያላችሁ?"

ዳኛው ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ አዩኝ። "ጥናቱ የናንተ ነው ብለሽናል" አሉ። "የኛ ከሆነ ወስነናል። ያንቺ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ንገሪን።"

ደብተሬ ላይ ያሰመርኩበትን ቃል እሳቸው ናቸው እየመለሱልኝ ያሉት። የሚሉት ትክክል ነው ስል ስህተት ይሆንብኛል፤ ስህተት ነው ስል ደግሞ ያ ሰው በረሃ ላይ ብቻውን ሲጮኽ ይታየኛል። ፈረምኩ። ድምፅ ሲሰጥ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ከሰባቱ መካከል እናትየው አልነበረችም፣ ይህን ግን ያኔ አላስተዋልኩም።

ለአስተባባሪዬ ደወልኩ። ሲያዳምጠኝ ቆየና "ይኼ ከፕሮቶኮላችን ውጪ ነው" አለ።

"ውጪ ነው ማለት ላድርገው ነው አላድርገው?"

"ውጪ ነው ማለት ስለሱ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። ሕፃን ሲሞት የምንሞላውን የሞት ቃለ መጠይቅ ለቅሶው ሲያልቅ ከእናትየው ጋር ታደርጊያለሽ። እስከዚያ የማኅበረሰቡን ባህል አክብሪ። ደግሞ አደራ፣ አንዱ ተሳታፊ የነገረሽን ለሌላው እንዳትናገሪ። ሚስጥር ጠብቂ።"

አርብ ስልኬ ሲጮኽ አባቴ ሱቅ ነበርኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ እንዳይሰማ ወደ ውጪ ወጣሁ።

"እህቴ፣ መዘንሻት?"

"መዘንኳት" አልኩ። "አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ። ጨምራለች ማለት ነው።"

"ጨምራለች።"

"ሌላ የምትነግሪኝ ነገር የለም?"

"የለም" አልኩ። "አልሐምዱሊላህ" አለና ዘጋው። ተመልሼ ስገባ አባቴ ፊቴን አይቶ ማን ሞተ አለኝ፤ ማንም አልኩት። በአንድ ቀን ሁለት አባት ዋሸሁ።

በሚቀጥለው አርብ እንደገና ደወለ። ገና መመዘኛ ቀኗ አልደረሰም ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቀደመኝ።

"አብሽሪ እህቴ፣ ዛሬ ቁጥር አልጠይቅሽም። አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"በሞተች በሳምንቱ አርብ፣ ስልኬን ስከፍት ነው የሰማሁት። ዱባይ ያለ ያገሬ ልጅ 'አላህ ይተካልህ' ብሎ ጻፈልኝ። ወዲያው አጠፋው፤ ያልሰማሁ መሆኔን ሲያውቅ ደንግጦ ነው። እኔ ግን አንብቤዋለሁ።"

መንገድ ዳር ድንጋይ ነበር፣ ተቀመጥኩበት።

"ታዲያ ባለፈው አርብ ክብደቷን ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ከሰው አፍ ልሰማው ፈልጌ ነዋ" አለ። "ከስልክ መስተዋት ላይ ነው ያነበብኩት። አንቺ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው 'አዎ፣ ሞታለች' ቢለኝ ብዬ።"

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩት፣ የቅሬውን ውሳኔ ነገርኩት፣ ቃለ ጉባኤውን ሁሉ ሳይቀር ዘባረቅኩ። እሱ ነበር የሚያጽናናኝ፤ ይኼም ያሳፍረኛል።

"አልፈረድኩብሽም" አለ። "ሽማግሌዎቹ ለኔ ብለው ነው። ለዒድ ጅዳ ሰው ሊሰበስቡልኝ ይሆናል፣ ገምቻለሁ። ይሰብስቡልኝ። እኔም እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ሰው ከቦኝ ልስማ። አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳወቅኩ ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት። ብቻዬን መስማቴን ካወቀች አትችለውም።"

እሺ አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ምን ሆኜ እንደነበር ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሚስት ባሏ እንዳይሰማ ለቅሶዋን ትውጣለች። ባል ሚስቱ መስማቱን እንዳታውቅ ለቅሶውን ይውጣል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለማዳን ቀን ይቆጥራሉ። ሁለቱን ወገን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ቃል ብናገር ያ ሁሉ ልፋት ይፈርሳል፤ ወይም ደግሞ ሁለቱም ያርፋሉ። የትኛው እንደሚሆን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ለዳኛው ልነግራቸው ተነሥቼ በራቸው ደርሼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ዝም ማለት ሥራዬ ነው፣ ሚስጥር መጠበቅ ተብያለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይህ ማሳመኛ ጥሩ ነበር፤ ደሴ ድረስ የሚከላከልልኝ ሰው ነበረኝ።

በመሀሉ የጎረቤት ልጆችን ልመዝን ስሄድ እናትየውን ምንጭ ዳር አገኘኋት። ጄሪካኗን እየሞላች ነበር። ከስታለች። ወተቱ እንዲደርቅላት ደረቷን በመቀነት ጥርቅም አድርጋ አስራዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ቀድመው ሲሄዱ ጠብቃ ጠጋ አለችኝ።

"አንቺ ከሱ ጋር ታወሪያለሽ አይደል?"

"አልፎ አልፎ።"

"ድሮ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሷን ነበር። ተኝታለች ስለው 'ትንፋሿን አሰሚኝ' ይላል። አሁን ስሟን አንሥቶ አያውቅም። ስለ ላሟ ይጠይቃል፣ ስለ ናቱ ይጠይቃል።" ጄሪካኑ ሞልቶ ይፈስስ ነበር፣ አላየችውም። "ሴት ስለሆነች ጠልቷት ነው? አይቷትም አያውቅ። እኔ ለማን ብዬ ነው የምችለው?"

አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር። ወላሂ አውቆ ነው፣ አውቆ ስለሚያለቅስ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከአራት አምስት ቃል አይበልጥም።

"አላህ ያውቃል" አልኳት።

ክርስቲያን ነኝ፤ በኛ አገር ግን አላህ ያውቃል ማለት ለሁላችንም ይቀለናል፣ በተለይ ራሳችን የምናውቀውን መናገር ስንፈራ። ጄሪካኗን አሸከምኳት። ዞራ አላየችኝም፣ ምንም አልጠረጠረችም። ሚስጥር ጠባቂ ሆኜ ከዚያ ቀን የበለጠ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

የዒድ ማግስት በማለዳ ቀበሌው ውስጥ ነበርኩ። ዳኛው ሱብሂ ሰግደው ስልካቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ግቢያቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጅዳ ያለው የአጎት ልጅ ደወለ። ዘጠኝ ሆነው ሄደው ነግረውታል፤ አልቅሷል፣ ይዘውታል፣ አሁን ደህና ነው። ዳኛው ስልኩን ዘግተው "አልሐምዱሊላህ" አሉና እንባቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። እውነተኛ እንባ ነበር። ደስ ያላቸውም መሰለኝ፤ ከባድ ነገር በሥርዓቱ ተፈጽሟል። እኔ ግን የሰማ ሰው እንደገና ሲሰማ እያሰብኩ የማለቅሰውም የምስቀውም ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ወዲያው ድንኳኑ ወጣ። ቄሱ መጡ፣ ሼሁ መጡ፣ ሴቶቹ ተጠራሩ። እናትየው ያን ሻሽ ከራሷ ላይ ነቅላ ጣለችና ጮኸች። አርባ ቀን ያህል የታመቀ ድምፅ ነበር። ሴቶቹ ከበቧት፣ "ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ" አሏት። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ከሳምንት በኋላ ለሞት ቃለ መጠይቁ ሄድኩ። ታብሌቴን ይዤ፣ የስምምነት ቅጹን ይዤ። አማቲቱ ገበያ ሄደው ስለነበር ብቻዋን ነበረች። ጥቁር ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ተቀመጪ አላለችኝም።

"ባሌ ነገረኝ" አለች። "በሞተች በሳምንቱ አውቋል። እኔን እንዳላውቅ አድርጎ፣ እኔም እሱን እንዳያውቅ አድርጌ፣ ሁለታችን እንደ እብድ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺም ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"ምንጩ ጋ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።" አልኳት። "እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነው። ደግሞ በጥናቱ ሕግ አንዱ የነገረኝን ለሌላው አልናገርም። ቅጹ ላይ ተጽፏል፤ አማካሪ ቡድኑም አጽድቆታል።"

"ቅሬው ወሰነ" አለች፣ ጣቷን እያጠፈች። "አባትየው ለመነሽ። ዩኒቨርሲቲው ጻፈ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ከነዚህ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ መጥቶ 'አንቺ ምን ይሻልሻል፣ ልንገረው ወይ' ብሎኛል? አንቺስ ብለሽኛል?"

አላልኳትም። ከስምምነት ቅጹ በቀር ምንም ጠይቄአት አላውቅም፤ እሱንም ያስፈረምኳት ሽማግሌዎቹና ባሏ ከተስማሙ በኋላ ነው። ልነሣ አልኩ፤ ዛሬ አይሁን፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ፣ ካልፈለግሽም ይቅር አልኳት።

"ተቀመጪ" አለች። "ጠይቂኝ። ሰው ጠይቆኝ ልመልስ።"

ተቀመጥኩ። ታብሌቱን ከፈትኩ። መቼ ታመመች፣ ምን ምልክት ነበራት፣ ጡት ትጠባ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን ቆየች፤ በተራ ጠየቅኳት፣ በተራ መለሰችልኝ፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሦስት ቀን ነው የታመመችው። መጨረሻ ገደማ "ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ የዘገያችሁበት ምክንያት ምንድን ነው?" የሚል አለ። ከሥሩ ምርጫዎች አሉ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መጓጓዣ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ሕመሙ ቀላል መስሎን ነው፣ ሌላ። አንድ በአንድ አነበብኩላት። በእያንዳንዱ ራሷን ነቀነቀች።

"ረቡዕ ጠዋት ሰውነቷ ሲግል ታቅፌያት ተነሣሁ" አለች። "መካነ ሰላም ልውሰዳት አልኩ። አማቴ አባቷ አርብ ይደውላል፣ ለሚዛን እንኳ ተጠይቋል፣ ይጠየቅና ትሄጃለሽ አሉኝ። አርብ ጠዋት ሞተች።"

"ሌላ" የሚለውን ነካሁ። ይግለጹ የሚል ባዶ ቦታ ከፈተልኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት።

"በመጀመሪያው ቀን እንሂድ ብዬ ነበር፤ እሱን ጻፊ" አለችኝ።